ጂም ጂም ፏፏቴን በመኪና ለማየት ላሰበው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ከሜልበርን ባለቤትህን፣ ሁለቱን ልጆችህንና ከአዲስ አበባ የመጡትን እናትህን ይዘህ ወደ ሰሜን አውስትራሊያዋ ዳርዊን ትመጣለህ። እዚያ መኪና ትከራያለህ። ካካዱ ብሔራዊ ፓርክ ገብታችሁ ጂም ጂምንና ትዊን ፎልስ የተባለውን ሌላ ፏፏቴ በአንድ ቀን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ጊዜው ወይ ትምህርት ቤት በጁን መጨረሻ ሲዘጋ ነው፣ ወይ ለገና ሰሞን። መኪናውም ቶዮታ ራቭ ፎር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ኑሮዬ ዳርዊን ነው፣ ካካዱንም በተለያየ ወቅት አይቼዋለሁ። የማውቀውን ልንገርህ፣ ረዘም ይላል።

የገናውን ሐሳብ ከአሁኑ ተወው። በመኪና ከሆነ ማለቴ ነው። እዚህ ሰሜኑ ላይ ዝናቡ የሚወርደው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ነው። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእነዚያ ወራት። ውሃው አርነም ላንድ ከሚባለው የድንጋይ አምባ ላይ ይሰበሰብና ከገደሉ ጫፍ ይወረወራል። ጂም ጂም ከላይ እስከ ታች 200 ሜትር ገደማ ነው። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከአውሮፕላን ላይ ስታየው ልብ ያስደነግጣል። ግን በዚያው ጊዜ ከገደሉ በታች ያለው ሜዳ በጎርፍ ተውጧል፣ መንገዱ ውሃ ውስጥ ነው፣ መግቢያው ላይም በር ተዘግቷል።

የዚህ ቦታ ችግሩ እንግዲህ ይሄ ነው። ፏፏቴው ሲሞላ መንገድ የለም። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ፏፏቴው መቀነስ ጀምሯል። ብዙ ጊዜ መንገዱ የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ነው፤ ዝናቡ የቆየበት ዓመት ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። ኦገስት ላይ ውሃው ቀጥኖ ክር ያህላል። ሴፕቴምበር ላይ ጭራሽ ሊደርቅና ባዶው ገደል ብቻ ሊቀር ይችላል። ጢስ ዓባይን በግንቦት ሄዶ አይቶ «ይሄ ነው እንዴ?» ያለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ስለዚህ በሁለቱ መሀል ያለችውን ጠባብ ጊዜ ነው የምትፈልገው። የልጆችህ እረፍት ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ስለሆነ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የወደቀልህ። ውሃው እንደ ክረምቱ አያገሳም፣ ግን ይወርዳል፣ አንተም እግሩ ስር ትደርሳለህ። የአገሩ ሰዎች፣ ቢኒንጅ የሚባሉት፣ ዓመቱን በስድስት ወቅት ነው የሚከፍሉት። እናንተ የምትመጡበትን ዉርገንግ ይሉታል። ደረቁና ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ነው። ቀን 30 ዲግሪ አልፎ ሌሊት ብርድ ልብስ ያሰኛል።

በጃንዋሪ ካልሆነ አይመቸንም ካላችሁ ግን በአውሮፕላን እዩት። ፓርኩ ውስጥ ካሉት ከጃቢሩ ከተማና ከኩይንዳ የእንግዳ ማረፊያ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይነሳሉ። ዋጋው ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ጂም ጂምን በሙሉ ኃይሉ ለማየት ከዚያ ሌላ መንገድ የለም፣ ለእናታችንም ከእግር ጉዞው ይሻላቸዋል።

አሁን ወደ አንድ ቀኑ ጉዳይ ልምጣ። አይሆንም። ከዳርዊን ጃቢሩ 250 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ስለሆነ በሦስት ሰዓት ትደርሳለህ። ከጃቢሩ በካካዱ ሃይዌይ ወደ ደቡብ 40 ኪሎሜትር አካባቢ ሄደህ ወደ ጂም ጂም ትታጠፋለህ። ከመታጠፊያው ጋርናማር እስከሚባለው የድንኳን ሰፈር 50 ኪሎሜትር ፒስታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 10 ኪሎሜትር ደግሞ ለእውነተኛ ፎር ዊል ብቻ ነው። ይቺ 10 ኪሎሜትር ብቻዋን ከግማሽ ሰዓት በላይ ትወስድብሃለች። ትዊን ፎልስ ከዚያ ሌላ 10 ኪሎሜትር ነው። ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ካደረግከው የምታየው መሪውን ብቻ ነው፣ መመለሻህም በጨለማ ይሆናል። ማታ በዚህ አገር መንገድ ላይ ጎሽ፣ ዋላቢና የዱር ፈረስ ይቆማል። ብዙ የኪራይ ውሎችም ከከተማ ውጭ ማታ መንዳት ይከለክላሉ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዝ። አንዱን ኩይንዳ፣ አንዱን ጋርናማር ድንኳን ተክላችሁ እደሩ። ጋርናማር ያደረ ሰው ጠዋት የውስጡ መንገድ በር ሲከፈት ይገባል፣ ከኩይንዳ የሚነሱት ሳይደርሱ ገደሉ ስር ነው።

ራቭ ፎር አይሆንም። ሐዘኔታ የለውም ያ መንገድ። ሰው «ኦል ዊል ድራይቭ ነው እኮ» ይላል፣ እሱ ለዝናባማ አስፋልት ነው። እዚህ የሚያስፈልግህ ከፍ ያለና ሪዶታ፣ ማለትም ለከባድ መንገድ የሚገባው ዝቅተኛ ማርሽ፣ ያለው መኪና ነው። ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ እነዚህን የመሰለ። ጋርናማር ድረስ ያለው ፒስታ ላይ ቀለል ያለ መኪና ሲሄድ ታይ ይሆናል። በሩን ካለፍክ በኋላ ግን አሸዋ አለ፣ ቋጥኝ አለ፣ በዝናብ የተቦረቦረ ጉድጓድ አለ።

ከመኪናው ዓይነት በላይ ግን የኪራይ ውሉን አንብብ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቃጠለው። ፎር ዊል አከራይተውህ ፒስታ ላይ እንዳትነዳ የሚከለክል ውል አለ። ጂም ጂም ድረስ ፈቅዶ ትዊን ፎልስን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አለ። ውሃ ውስጥ ገብቶ የተበላሸን፣ ከስር የተመታን፣ ከሌላ መኪና ጋር ሳይጋጭ የተገለበጠን መኪና ኢንሹራንስ አይሸፍንም የሚለው ደግሞ ብዙዎቹ ላይ አለ። አንድ የማውቀው ልጅ መኪናው ወንዝ መሀል ቆሞበት ምንጣፉ ድረስ ውሃ ገባ፤ ሙሉውን ከኪሱ ነው የከፈለው። ስለዚህ ስትከራይ «ፎር ዊል ነው ወይ» ብለህ አትጠይቅ። «የጂም ጂም መንገድ ይፈቀዳል? የትዊን ፎልስ ወንዝ ይፈቀዳል?» ብለህ ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ስልክ ላይ «ችግር የለውም» ያለህ ሰው ጉዳት ሲደርስ አይገኝም።

ፒስታው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር የተሸበሸበ። መኪናውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ብሎን ያላላል። ከመግባትህ በፊት የጎማውን ንፋስ ቀንስ። አስፋልት ላይ 36 ወይም 38 ፒኤስአይ ከነበረ ወደ 28 አውርደው። የውስጡ አሸዋ ላይ ደግሞ እስከ 20 ወይም 18 ድረስ መውረድ ይቻላል። ይሄን ካደረግክ ጎማው ሰፍቶ መሬቱን ይይዛል፣ የመበሳት ዕድሉም ይቀንሳል፣ የተሳፋሪው ወገብም ይተርፋል። መለኪያና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዝ፣ ምክንያቱም አስፋልት ላይ ስትወጣ መልሰህ መሙላት አለብህ። በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ፍጥነት ላይ የአገራችን ሾፌሮች «በረር ካልክ ሽብሽቡ አይሰማህም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይሰማህም። ግን ጎማው ከመሬት ጋር ያለው ንክኪ ስለሚቀንስ ፍሬን ስትይዝ ወይም ስትታጠፍ መኪናው አይታዘዝህም። ከ60 እስከ 70 ይበቃል። ከፊት የሚመጣ መኪና አቧራ ሲያለብስህ ዝግ በል፣ መብራትህን አብራ። አቧራው ውስጥ ሁለተኛ መኪና ሊኖር ይችላል።

ቅያሪ ጎማው ንፋስ እንዳለው ዳርዊን እያለህ እይ። ክሪኩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱንም እይ። ክሪክ አሸዋ ላይ ስለሚሰምጥ ከስሩ የምታደርገው ወፍራም ሳንቃ ያዝ። ናፍታ ጃቢሩ ወይም ኩይንዳ ሙላ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ስልክም የለም። ጃቢሩና ኩይንዳ ላይ የቴልስትራ ኔትወርክ ይሠራል፣ ከዚያ ውጭ ዝም ነው። ጂም ጂምና ትዊን ፎልስ መኪና ማቆሚያ ላይ የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያ ተተክሏል፣ ግን መሀል መንገድ ላይ ብትቆም አይረዳህም። የሳተላይት ስልክ ወይም የአደጋ ምልክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያ ተከራይ። ቤተሰብ ይዘህ ነው የምትሄደው።

የትዊን ፎልስን ወንዝ በደንብ ልንገርህ። ወደዚያ ለማለፍ ጂም ጂም ክሪክ የሚባለውን ወንዝ መሻገር ግድ ነው፣ ድልድይ የለውም። ስኖርክል፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበት ወደ ጣሪያ የወጣው ቱቦ፣ የሌለው መኪና አይሞክረው። የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ፋብሪካ የሚፈቅደው ጥልቀት 700 ሚሊሜትር ነው። ወቅቱ ገና ሲከፈት ውሃው ከዚያ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አገር ቤት ወንዝ ላይ ስንደርስ ረዳቱ ሱሪውን ሰብስቦ በዱላ እየለካ ይገባል። እዚህ ይሄን እንዳታደርግ። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ውሃውን በእግርህ አትለካ፣ ዳሩ ላይም አትቁም።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ደርሰህ ቁም፣ መኪናው ትንሽ ይቀዝቅዝ። በጣም የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ሌላ መኪና እስኪመጣ ጠብቅና ጎማው በየት በኩል እንደሄደ፣ ውሃው የቱ ጋ እንደደረሰበት እይ። ከመግባትህ በፊት ሪዶታ አስገባ፣ ሁለተኛ ማርሽ። ከዚያ በእርምጃ ፍጥነት፣ ሳትቆም፣ እግርህን ከነዳጁ ሳታነሳ፣ መሀል ላይ ማርሽ ሳትቀይር እለፍ። ልክ ከሄድክ ከመኪናው ፊት ትንሽ ማዕበል ይሠራል። ማዕበሉ ውሃውን ወደ ፊት እየገፋ ከኋላው፣ ሞተሩ ጋ፣ ዝቅ ያደርግልሃል። ቀጥ ካልክ ያ ውሃ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይመጣል። ከፈጠንክ ደግሞ ከኮፈኑ በላይ ይረጫል። ወጥተህ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርገው፣ ይደርቃል።

አንተ በኪራይ መኪና ስለሆንክ ግን ሐሳቤ ትዊን ፎልስን ተወው ነው። በጣም ካማረህ የአስጎብኚ ድርጅቶች መኪና ተሳፈር፣ መንገዱን በየቀኑ ይሄዱበታል። እዚያ ከመኪና ወርደህ ደግሞ በጀልባ ነው በገደሉ መሀል የምትገባው፣ ትኬቱም ቀድሞ ይገዛል። ሙሉ ወቅት ተዘግቶ የቆየባቸው ዓመታትም አሉ። መከፈቱን ሳታረጋግጥ ለልጆቹ ቃል አትግባ።

ስለ አዞው መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ከእኛ ሰው አፍ «ፏፏቴ ስር አዞ የለም» ሲባል ስለሰማሁ ያስጨንቀኛል። ሳልቲ የሚባለው ትልቁ አዞ ከባሕር እጅግ ርቆም በወንዝ ውስጥ ይኖራል። በክረምቱ ጎርፍ ተሸክሞት ወደ ላይ ይወጣና ውሃው ሲጎድል እላይ ይቀራል። መንገዱ ከመከፈቱ በፊት ሬንጀሮች፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ሌሊት አዞውን በመብራት ይፈልጋሉ፣ ወጥመድም ያጠምዳሉ። ውሃው ላይ የተንሳፈፉ ብርቱካናማ ኳሶች ታያለህ። ጌጥ አይደሉም። አዞ የማያውቀውን ነገር ነክሶ ነው የሚመረምረው፣ ስለዚህ ሬንጀሮቹ ኳሱን እያዩ የጥርስ ምልክት ይፈልጋሉ። ከውሃ የወጣ አንዱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ወፍራሙ ፕላስቲክ ላይ ጎን ለጎን የተደረደረ ቀዳዳ አለ፣ ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ጀርመናዊት ጎብኚ እዚሁ ካካዱ ውስጥ ሳንዲ ቢላቦንግ በሚባል ውሃ ማታ ስትዋኝ በአዞ ተገድላለች። ትዊን ፎልስ መዋኘት ክልክል ነው። ጂም ጂም ላይ ምልክቱ ምን እንደሚል በዕለቱ አንብብ፣ መዋኘት ተፈቅዷል ቢልም ኃላፊነቱ የራስህ እንደሆነ እወቅ። ልጆቹ ወንዝ ዳር እጅ መታጠብም ሆነ ዕቃ ማጠብ እንዳይሄዱ ከመጀመሪያው ቀን ንገራቸው።

ከጂም ጂም መኪና ማቆሚያ እስከ ፏፏቴው ያለው የእግር መንገድ አንድ ኪሎሜትር አይሞላም። ቁጥሩን አይተህ እንዳትንቀው። መጀመሪያ ጥላ ነው፣ ቀጥሎ ግን መኪና የሚያካክል ቋጥኝ ላይ እየዘለልክና እየተንጠለጠልክ ነው። ድንጋዩ እርጥብ ሲሆን ያዳልጣል። ነጠላ ጫማ አይሆንም። ስትደርስ አንገትህን ወደ ኋላ አጥፈህ ነው የምታየው። ሦስቱም ወገን ቀይና ጥቁር ገደል ነው። ውሃው ጥቁር ይመስላል፣ በጣም ጥልቅ ነው፣ ደግሞም ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም ፀሐይ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ አትቆይም። ከውሃው ዳር ነጭ አሸዋ አለ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ተሸከሙ። ሙቀቱ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ከላይም ከታችም ነው የሚመታህ።

እናታችን ይሄን መንገድ አይችሉትም፣ ጉልበታቸው ደህና ቢሆንም። ለእሳቸው ኩይንዳ ላይ የሎው ዋተር የሚባል የጀልባ ጉብኝት አለ። ተቀምጠው ወፉን፣ የውሃ አበባውን፣ አዞውንም በሰላም ያያሉ። የማለዳውን ያዝላቸው። አንድ ሰው አብሯቸው ይቅር፣ ተራ ግቡ። ጂም ጂም ለሚከብዳቸው ግን ፏፏቴ ለሚወዱ ማጉክ የሚባል ፏፏቴም አለ። ከካካዱ ሃይዌይ 10 ኪሎሜትር ገባ ብሎ ነው፣ የእግሩ መንገድ ከጂም ጂም ይቀላል፣ ውሃውም ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ጂም ጂም ከተዘጋባችሁ ወደዚያ ሂዱ። እሱም ፎር ዊል ይፈልጋል።

ሌላው ስለ «ዝግ ነው» የሚለው ምልክት። ይሄ መሬት ባለቤት አለው። ሰሜኑ ላይ ቢኒንጅ፣ ደቡቡ ላይ ሙንጉይ የሚባሉ ሕዝቦች ከመንግሥት ጋር አብረው ያስተዳድሩታል። ጂም ጂም የራሱ ስም አለው፣ ባርክማላም። አንዳንድ ቦታ የሚዘጋው በጎርፍ ወይም በአዞ ብቻ አይደለም። ገንሎም የተባለው ሌላው ፏፏቴ ከ2019 ጀምሮ ለዓመታት የተዘጋው የእግረኛ መንገዱ ሲሠራ የባለቤቶቹን ቅዱስ ስፍራ በመንካቱ ነው። ቤተ መቅደስ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም። በር ተዘግቶ ካየህ በጎን አትግባ፣ ገመድ አትለፍ። ቅጣቱም ከባድ ነው፣ ግን ከቅጣቱ በፊት የሰው ቤት ነው።

የተረፈውን በአጭሩ። የፓርክ መግቢያ ፈቃድ ኦንላይን ግዛ፣ እኛ የኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ ማለትም ዳርዊን ያለችበት ግዛት፣ ነዋሪዎች በነጻ ነው የምንገባው፣ ከሜልበርን ለሚመጣ ግን ይከፈላል። ፓርኩ የትኛው መንገድ እንደተከፈተ በየጊዜው ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፣ ከመነሳትህ በፊት ማታም ጠዋትም እየው። ምግብ ከዳርዊን ሸምታችሁ ግቡ፣ ጃቢሩ ሱቅ አለ ግን ውድ ነው። ቋንጣና ዳቦ ቆሎ ከሜልበርን ይዛችሁ ብትመጡ አይቆጫችሁም፣ ሙቀቱን ይችላል። የሰኔ ጾም እስከ ጁላይ 12 ስለሆነ ለእናታችን በሶ አትርሱ። የትንኝ መከላከያ ለማታ፣ ኮፍያ ለቀን። ቆሻሻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ።

የበረራ ትኬት መቁረጥ ካለብህ ጁላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ምረጥ። መንገዱ ዘግይቶ ቢከፈት እንኳ ያኔ የመድረስ ዕድልህ ከጁን ይሻላል፣ ውሃውም ገና አላለቀም። የመኪናውን ውል ከመፈረምህ በፊት ስለ ፒስታና ስለ ውሃ የሚያወራውን ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናነበዋለን። ጁን ሲገባ የመንገዱን ሁኔታ እያየሁ እጽፍልሃለሁ።